«ማንትራ»፦ ቃሉን መፍታት፣ በፊደላችን መጻፍና በአማርኛ መተርጎም

በደሴና በኮምቦልቻ በብዙ ቤት ማታ ማታ በአማርኛ ድምፅ የተሠሩ የህንድ ተከታታይ ድራማዎች ይታያሉ። ሙሽሮቹ እሳት ሲዞሩ ካህኑ አጠገባቸው ተቀምጦ ያነበንባል፤ «ስቫሃ» ባለ ቁጥር የተነጠረ ቅቤ እሳቱ ላይ ያፈሳል። ያ የሚነበነበው ማንትራ ነው። ይኸው ቃል ስለ ዮጋ በሚያስረዳ ቪዲዮ፣ ስለ አንድ ሚኒስትር ንግግር በተጻፈ የውጭ ዜና፣ አልፎም በሥራ ስብሰባ ላይ «የድርጅታችን ማንትራ» ተብሎ ይመጣል። በሁሉም ቦታ «ድግምት» ብሎ የሚያልፈው ተርጓሚ ብዙ ነው፤ አንባቢም የተሳሳተ ነገር ይዞ ይቀራል። ይህ መምሪያ የተዘጋጀው ለተርጓሚ፣ ለመምህር፣ ለኤፍኤም ጋዜጠኛና ቃሉን አጥርቶ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዙ። ማንትራን ማንትራ የሚያደርገው የሚሠራው ሥራ ነው፤ የሚናገረው ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ብዕር ከማንሳትዎ በፊት «ቃሉ እዚህ ቦታ ምን እየሠራ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከታች ያለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ሥሩን መፍታት

ቃሉ የጥንቱ የህንድ ቋንቋ የሳንስክሪት ሲሆን ሁለት ክፍል አለው። «መን» ማሰብ ማለት ነው። «ትረ» ደግሞ ከግስ ሥር ጋር እየተቀጠለ ሥራው የሚሠራበትን ዕቃ ያመለክታል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከጠጣ መጠጫ፣ ከቆረጠ መቁረጫ፣ ከሰማ መስሚያ እንላለን። ሳንስክሪትም ጠጣ ከሚለው «ፓ» አውጥቶ ዋንጫን «ፓትረ»፣ ሰማ ከሚለው «ሽሩ» አውጥቶ ጆሮን «ሽሮትረ»፣ መራ ከሚለው «ኒ» አውጥቶ ዓይንን «ኔትረ» ይላል። በዚሁ ደንብ «መንትረ» ቃል በቃል ማሰቢያ ነው። ለተማሪ ሲያስረዱ ከዚህ ቢጀምሩ ብዙ ማብራሪያ ይቀንስልዎታል።

ፍቺውን ለማጽናት ዘመዶቹን ይመልከቱ። «ያንትራ» መያዝ፣ መግታት ከሚል ሥር ወጥቶ መሣሪያ ማለት ሆኗል፤ ለአምልኮ የሚሳል ቅርጽም በዚሁ ስም ይጠራል። «ታንትራ» የመጣው መወጠር፣ መዘርጋት ከሚል ሥር ነው፤ ጥንት የሽመና ዕቃውን፣ በተለይም የተወጠረውን ድር ያመለክት ነበር። በኋላ ትምህርት የሚዘረጋበት ሥርዓትና መጽሐፍ መጠሪያ ሆነ። ኮምቦልቻ ውስጥ ድርና ማግ የማያውቅ ተማሪ አይገኝምና ይህኛውን ማስረዳት ቀላል ነው።

በብዙ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ሌላ ፍቺ ያጋጥምዎታል፦ «ትራ» መጠበቅ ስለሆነ ማንትራ «የሚያስበውን የሚጠብቅ» ነው የሚል። ይህ የኋላ መምህራን ለምእመናን የሰጡት የሃይማኖት ፍቺ ነው። በእምነቱ ውስጥ ክብር አለው፤ ሊጠቀስም ይገባል። የቃሉ የሰዋስው ታሪክ ግን የመጀመሪያው ነው። ያስከ የተባለው የጥንት የቃላት ሊቅም ማንትራን ከማሰብ ነው ያወጣው። ሁለቱን ሲጽፉ «ሰዋስዉ እንዲህ ይላል፣ ምእመናን እንዲህ ይፈቱታል» ብለው ይለዩ፤ ከተቀላቀሉ አንባቢው ሁለቱንም ያጣል።

ዕድሜውን በተመለከተ፣ ቃሉ ቬዳ ከሚባሉት ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት በአንዱ፣ በሪግ ቬዳ ውስጥ አለ። ሪግ ቬዳ በ10 መጻሕፍት የተከፈሉ 1,028 መዝሙሮች ያሉት ሲሆን አብዛኛው ክፍሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1500 እና በ1000 ዓመታት መካከል እንደተደረሰ ሊቃውንት ይገምታሉ። ከዚያም በፊት ቃሉ ነበር፤ በጥንቱ የኢራን ሃይማኖት ቋንቋ፣ በአቬስታ፣ «ማንስረ» ተብሎ ይገኛልና። የዚያ ሃይማኖት ነቢይ ዘራቱስትራ በመዝሙሮቹ ራሱን የዚህ ቃል ተናጋሪ ብሎ ይጠራል። የህንድና የኢራን ሕዝቦች ሳይለያዩ ቃሉ የጋራቸው ነበር ማለት ነው። «ማንትራ የመጣው ከቡድሂዝም ነው» ወይም «የዮጋ ቃል ነው» የሚል ጽሑፍ ካዩ ያርሙት፤ ሁለቱም የወረሱት ነው።

ከዚሁ ሥር «መንትሪን» ወጥቷል፤ መካሪ ማለት ነው። የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ዛሬም በሂንዲ «ፕረድሃን መንትሪ» ይባላል። ማላዮች ቃሉን ወስደው ሹምን «መንተሪ» አሉት፤ ፖርቱጋሎች ከማላዮች ሰምተው የቻይናን ሹማምንት «ማንደሪም» ብለው ጠሩ። ማንደሪን የሚለው የቻይና ቋንቋ ስም የመጣው ከዚያ ነው። ደሴ ገበያ በኪሎ የሚሸጠው መንደሪንም የስሙ ምንጭ ይኸው ነው። ይህ ለክፍል ውስጥ ጥሩ መክፈቻ ነው፤ ተማሪ የሚያውቀውን ፍሬ ይዞ ይጀምራል።

በየቦታው ምን እየሠራ ነው?

ጽሑፉ ስለ ቬዳ ከሆነ ማንትራ የመዝሙሩ ስንኝ ነው። «የቬዳ ስንኝ» ብለው ቢተረጉሙ ያስኬዳል፤ በመጀመሪያ ሲጠቅሱት «ማንትራ የሚባለው» ብለው ይጨምሩ።

ጽሑፉ ከቬዳዎቹ አንዱ ስለሆነው ስለ አትሃርቫ ቬዳ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ያሻል። በዚያ ውስጥ ትኩሳት እንዲለቅ፣ የእባብ መርዝ እንዲበርድ፣ ተፈላጊዋ ልቧን እንድትሰጥ የሚባሉ ቃሎች አሉ። እዚህ ላይ «ድግምት» ተገቢ ትርጉም ነው። ቃሉ ስህተት የሚሆነው ከዚህ ውጭ ሲሄድ ነው። ድግምት የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ውስጥ ጠንቋይን፣ ጉዳትን፣ ስውር ሥራን ይዞ ይገባል። አንድ ሂንዱ ማለዳ ተነሥቶ ለፀሐይ የሚያቀርበውን ጸሎት ድግምት ማለት ዳዊት ደጋሚን ደብተራ ነህ ብሎ እንደመክሰስ ነው። «አስማት» ደግሞ ከግእዙ ስሞች ማለት ቢሆንም ዛሬ ማንም እንደዚያ አይሰማውምና ይተዉት።

በድግግሞሽ የሚጸለየው ማንትራ ሲሆን ቃሉን አይተርጉሙት። «ማንትራ» ብለው ይጻፉና አንድ ጊዜ «እየተደገመ የሚጸለይ፣ ድምፁና ቅደም ተከተሉ የማይለወጥ ቅዱስ ቃል» ብለው ያስረዱ። ከዚያ በኋላ አንባቢው ይዞታል።

በህንድ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች፣ በሲኮች ዘንድ «ሙል መንተር» አለ፤ ቅዱስ መጽሐፋቸው የሚከፈትበትና «ኢክ ኦንካር»፣ አምላክ አንድ ነው፣ ብሎ የሚጀምር ቃል ነው። ይህ ይደገማል፤ ዋና ሥራው ግን እምነትን መግለጽ ስለሆነ «የእምነት መግለጫ» ማለት ይስማማዋል።

የቡድሂስቶቹ «ኦም መኒ ፐድሜ ሁም» 6 ቀለም (ክፍለ ድምፅ) ነው። ቲቤታውያን በድንጋይ ይቀርጹታል፤ በጸሎት መዘውር ውስጥ ጠቅልለው ያሽከረክሩታል። በኢንተርኔት ላይ «በሎተስ አበባ ውስጥ ያለ ዕንቁ» የሚል ትርጉም ይዞራል። «መኒ» ዕንቁ፣ «ፐድመ» ሎተስ መሆኑ እውነት ነው፤ የሁለቱ አገጣጠም ግን አከራካሪ ሲሆን ብዙ ሊቃውንት ስም መጥሪያ አድርገው ያነቡታል። ስለዚህ ማንትራውን እንዳለ ይጻፉና የቃላቱን ፍቺ ለብቻ ያስቀምጡ፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አያድርጉት።

የመጨረሻው የጋዜጣው ማንትራ ነው። «ሚኒስትሩ ቁጠባ የሚለውን ማንትራቸውን ደገሙ» ዓይነት ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ሃይማኖቱ ከሥዕሉ ወጥቷል። አማርኛው ሞልቶ ተርፏል፦ ድርጅት ከሆነ «መርሕ» ወይም «መፈክር»፣ ሰው ከሆነ «ዘወትር ከአፉ የማይጠፋ»፣ መደጋገሙ ያሰለቸ ከሆነ «የአፍ ማሟሻ»። የጸሐፊው ቃና ወዳጅ ይሁን ነቃፊ ሳይለዩ ከእነዚህ አንዱን አይምረጡ፤ «መርሕ» ያከብራል፣ «የአፍ ማሟሻ» ይነቅፋል። እዚህ ቦታ «ማንትራ» ብሎ መተው ስንፍና ነው።

ትርጉም አለው ወይስ የለውም?

ይህ ጥያቄ ጥንት የተነሣ ነው። ካውትሰ የተባለ ሊቅ ማንትራዎች ትርጉም የላቸውም ብሎ ተከራከረ። ከማስረጃዎቹ አንዱ ቃላቱና ቅደም ተከተላቸው የማይነካ መሆኑ ነበር፤ ተራ ንግግር ቢሆን በሌላ ቃል ሊባል ይችል ነበርና። ያስከ መለሰለት፦ በተራ ንግግርም ቅደም ተከተሉ የጸና አባባል አለ፤ ደግሞም ዕውር ምሰሶውን ባያየው ጥፋቱ የምሰሶው አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንዱ ሊቅ ፍሪትስ ስታል የካውትሰን ወገን ይዞ ተከራክሯል። እ.ኤ.አ. በ1975 በህንድ ኬረላ የተደረገ 12 ቀን የፈጀ የቬዳ የእሳት ሥርዓት አስቀርጾ አጥንቷል።

ለተርጓሚ ከዚህ ክርክር የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ትርጉሙን ብቻ ሰጥቶ ድምፁን የጣለ ሰው ግማሹን ጥሏል። ሁልጊዜ ድምፁንም ትርጉሙንም አብረው ያቅርቡ፤ ድምፁ ይቅደም።

በፊደላችን መጻፍ

«ማንትራ» የሚለው አጻጻፍ በእንግሊዝኛ በኩል የመጣ ነው። ተለምዷልና በተራ ጽሑፍ ይቀጥሉበት። የማንትራን ጽሑፍ ራሱን ሲጽፉ ግን እድለኞች ነን። የሳንስክሪት ፊደል እንደ እኛው አናባቢን በተነባቢ ላይ ያዋህዳል፤ ምንም ምልክት ያልተጨመረበት ፊደል አጭሯን አናባቢ ይዞ ይነበባል። ያቺ አጭር አናባቢ ለመጀመሪያው ረድፍ፣ ለ«ለ» እና ለ«መ» ድምፅ እጅግ ትቀርባለች። ላቲን ግን አጭሯንና ረጅሟን በአንድ ፊደል ይጽፋል፤ ከላቲን ሲገለብጡ ሁሉንም በ«ማ» እና በ«ራ» መጻፍ የተለመደው ስህተት ከዚያ ይመጣል።

እንዲህ ያድርጉ። አጭሯን በግዕዝ ረድፍ፣ ረጅሟን በራብዕ ይጻፉ። «ት» እና «ድ» ሁልጊዜ የላሉት ይሁኑ፤ «ጥ» አይግባ። «ቭ» ካለ «ቨ» የሚለውን ቤት ይጠቀሙ፤ በስልክ ሲጽፉ ቁልፉ ስለሚደበቅ «በ» ብለው እንዳያልፉት። ትንፋሽ ያላቸው ተነባቢዎች በእኛ ፊደል የሉምና «ብኸ»፣ «ድሂ» ብለው በሁለት ፊደል ይጻፉ፤ ሲነበቡ ግን በአንድ ትንፋሽ ይወጣሉ። «ሀ» በአማርኛ እንደ ራብዕ ስለሚነበብ አጭሯን ለማሳየት «ኸ» ይሻላል። የአጭርና የረጅም «ኢ» ልዩነት በፊደላችን አይታይም፤ ይህን በግልጽ ከመናገር ሌላ መላ የለውም።

እስቲ በጣም የታወቀውን በዚህ ደንብ እንጻፈው። ጋያትሪ የሚባለው ማንትራ በሪግ ቬዳ 3ኛ መጽሐፍ፣ 62ኛ መዝሙር፣ 10ኛ ስንኝ ነው፦

ተት ሰቪቱር ቨሬንየም
ብኸርጎ ዴቨስየ ድሂመሂ
ድሂዮ ዮ ነህ ፕረቾደያት

«የአምላኩን የሰቪታርን ያን ድንቅ ብርሃን እናስብ፤ እርሱ ሐሳባችንን ያነሣሣ» እንደማለት ነው። ሰቪታር ፀሐይን የሚያንቀሳቅስ አምላክ ነው። ጋያትሪ የሚለው ስም የቤቱ፣ የምጣኔው ስም ነው፤ 3 መስመር፣ እያንዳንዱ 8 ቀለም፣ በድምሩ 24። ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ወዲያው ይቆጥራል፤ የመጀመሪያውን መስመር ሲቆጥር ደግሞ ይደናገራል። ተት፣ ሰ፣ ቪ፣ ቱር፣ ቨ፣ ሬን፣ የም፤ 7 ብቻ ነው። የጠፋ ነገር የለም። በጥንቱ አነባበብ የመጨረሻው ቃል «ቨሬኒየም» ተብሎ ስለሚዘረጋ 8 ይሞላል። ሌሎቹ ሁለቱ መስመሮች ሳይዘረጉ 8 ናቸው። የጋያትሪን ግልባጭ ሲያርሙ በዚህ ቆጠራ ይፈትኑት፤ 7፣ 8፣ 8 ካልመጣ አንድ ቀለም ወድቋል ወይም ተጨምሯል።

«ኦም» ላይም አንድ ቃል። አንዳንዶች «አኡም» ብለው ይጽፉታል። በሳንስክሪት አጭሯ አናባቢና «ኡ» ሲገጥሙ «ኦ» ይሆናሉ፤ ስለዚህ ንባቡ «ኦም» ነው፣ ሦስቱ ድምፆች የሚዘረዘሩት ለማስተማር ነው። 12 ስንኝ ያለው ጥንታዊ የሂንዱ የትምህርት መጽሐፍ፣ የማንዱክያ ኡፓኒሻድ፣ ትምህርቱን የሠራው በዚህ ዝርዝር ላይ ነው።

አደጋገሙ

ድግግሞሹ «ጀፐ» ይባላል። ሦስት ዓይነት ነው፦ በድምፅ፣ ከንፈር እየተንቀሳቀሰ በሹክሹክታ፣ በልብ ብቻ። የማኑ ሕግ የተባለው ጥንታዊ የሂንዱ መጽሐፍ ሹክሹክታውን ከድምፁ፣ የልቡን ከሹክሹክታው ያስበልጣል። ጀማሪ ግን በድምፅ ይጀምራል፤ ምክንያቱም በልብ የሚደገም ቃል ቶሎ ይጎረዳል፣ ቀለም ይውጣል፣ ማንም አያርመውም።

ቆጠራው «ማላ» በሚባል መቁጠሪያ ነው። 108 ፍሬ አለው፤ ከዚያ በላይ አንዲት ተለቅ ያለች ራስ ፍሬ «ሜሩ» ተብላ ትንጠለጠላለች፤ እርሷ አትቆጠርም። በቀኝ እጅ መካከለኛ ጣት ላይ ይጋደማል፤ አውራ ጣት እያንዳንዱን ፍሬ ወደ ደጋሚው ይስባል፣ አንድ ፍሬ አንድ ማንትራ። ሌባ ጣት ትቀራለች፤ ፍሬውን አትነካም። ራስ ፍሬዋ ጋ ሲደረስ አይታለፍባትም፤ መቁጠሪያው ይገለበጥና በመጣበት ይመለሳል። ቲቤታውያን አንዱን ዙር 100 ብለው ይይዙታል፤ 8ቱ ለተዘለለውና ለተሳሳተው ማካካሻ ነው። ባለ 27 ፍሬ ማላም አለ፤ 4 ጊዜ ሲዞር 108 ይሞላል። አንዱ ማንትራ 5 ሰከንድ ቢወስድ አንድ ዙር 9 ደቂቃ ነው። የክሪሽና አምላኪዎች ማንትራ 16 ቃል ሲሆን በቀን 16 ዙር የሚደግሙት 1,728 ጊዜ ይሉታል፤ ይህ ሰዓታት የሚፈጅ ነው። «በ10 ደቂቃ ጨረስኩ» የሚል ቪዲዮ ካዩ ሒሳቡን ራስዎ ይሥሩ።

ወሎ ላይ ቃልን እየቆጠሩ መድገም ባዳ ነገር አይደለም። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ይባላል፤ መቁጠሪያውም 41 ወይም 64 ፍሬ አለው። ከሶላት በኋላ «ሱብሃነላህ» 33፣ «አልሐምዱሊላህ» 33፣ «አላሁ አክበር» 34 ይባላል፤ የተስቢህ መቁጠሪያው 33 ወይም 99 ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለቱንም እየሰማ ላደገ የደሴ ልጅ ስለ ማላ ማስረዳት አይከብድም፤ ቁጥሩን፣ ጣቱን፣ ትዕግሥቱን ያውቃል። ነገር ግን «ማንትራ የህንድ እግዚኦታ ነው» ወይም «የህንድ ዚክር ነው» ብለው አይጻፉ። እግዚኦታውም ዚክሩም ለአምላክ የሚቀርብ ልመናና ውዳሴ ነው፤ በማንትራ ትምህርት ደግሞ ድምፁ ራሱ ኃይል እንዳለው ይታመናል፤ ብዙ ጊዜም ከመምህር አፍ ካልተቀበሉት አይሠራም ይባላል። ማመሳሰሉ ሦስቱንም ወገን ያስቀይማል፣ ትርጉሙንም ያዛባል። «አደጋገሙ ይመሳሰላል፣ እምነቱ ለየቅል ነው» ማለት ይበቃል።

ለዕረፍት የሚደገም ቃል

ማንትራ የሚለው ቃል በጤና ጽሑፍ ላይ የበዛው ከህንዱ መምህር ከማሃሪሺ ማሄሽ ዮጊ ወዲህ ነው። እርሱ ያስፋፋው ዘዴ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 20 ደቂቃ ያህል ማንትራ በልብ መድገም ነው። የሃርቫርዱ የልብ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሁኔታውን አጥንቶ ሃይማኖት የሌለበት አካሄድ አወጣ፤ እርሱ የተጠቀመው ቃል «አንድ» የሚለው ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ጸጥ ባለ ቦታ ተመቻችተው ይቀመጡ፤ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ከእግርዎ ጀምረው እስከ ፊትዎ ጡንቻዎን ያላሉ፤ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ፤ በወጣ ትንፋሽ ቁጥር ቃሉን በልብዎ ይበሉ። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይቆዩ። ማንቂያ ደወል አይሙሉ፤ ሰዓት ማየት ከፈለጉ ዓይንዎን ከፍተው ይመልከቱ። ሲጨርሱ ወዲያው አይነሡ።

የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። ምግብ በልተው ከ2 ሰዓት በታች ከተቀመጡ እንቅልፍ ይወስዳል። ትንፋሽን ሆን ብለው ካስረዘሙ ወይም ካፋጠኑ ራስ ያዞራል፤ ትንፋሹን እንዳመጣጡ ይተዉት። ሐሳብ ሲመጣ መታገልም ያደክማል፤ ወደ ቃሉ መመለስ ብቻ ነው። የደሴ ማለዳ ብርድ ስለሆነ ጋቢ ይደርቡ፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጡንቻው አይላላም።

ቃሉን ከራስዎ ሃይማኖት መውሰድ ከፈለጉ አስቀድመው የነፍስ አባትዎን ወይም ሼህዎን ያማክሩ፤ ጸሎትን ለጤና ማሟያ ማድረግ ለብዙ ሰው ቀላል ጉዳይ አይደለም። ለደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱም ከሆነ ልምምዱን ከመድኃኒቱ ጎን ያድርጉት፤ መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪምዎ ነው።